ያልታጠነ ወተት

የወይራ ጭስ ሽታ ነው። እንኳየሁ ልጅነቷን ስታስታውስ ቀድሞ የሚመጣባት የሰው ፊት አይደለም፤ ይኸው ሽታ ነው። ወገራ ላይ፣ ጤዛው ከሣሩ ሳይረግፍ፣ እናቷ የወተት ቅሏን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ ታጥብና የተቀጣጠለ የወይራ ስንጥር ትጨምርበታለች። አፉን በመዳፏ ከድና ስትነቀንቀው ፍሙ ከውስጥ ይንኳኳል፤ ከጣቶቿ መካከልም ቀጭን ጭስ እየሾለከ ወደ ጣራው ይወጣል። እንኳየሁ መደቡ ላይ እንደተኛች አየሩን ትስበዋለች። በዚያ ቅል የታለበ ወተት ከሌላው ወተት ሁሉ የተለየ ነበር። ያልታጠነ ወተት ለጥጃና ለድመት ነው ይባላል፤ ለእንግዳ ያልታጠነ ወተት ያቀረበች ሴት ወሬዋ ከእሷ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል።

እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች። በዚያ ዘመን የንባብ መጽሐፍ ውስጥ «ንጹሕ አየር» የሚል ትምህርት ነበር። መምህሩ በአርጩሜ እየጠቆሙ ያስነብቧቸዋል፤ ልጆቹም በአንድ ድምፅ «መስኮት እንክፈት፤ ንጹሕ አየር እናስገባ» እያሉ ይጮኻሉ። ክፍሉ መስኮት እንጂ መዝጊያ አልነበረውም። የደጋው ንፋስ እንዳሻው እየገባ የመጽሐፉን ገጽ ከመምህሩ ቀድሞ ይገልጠው ነበር። ያን ትምህርት ለማን እንደጻፉት ያኔ አልገባትም።

ኋላ ስማቸውን አገባች። ስማቸው ከቅኔ ቤት የወጣ፣ ጎንደር ከአንዱ ደብር የሚያገለግል፣ ድምፀ ሸጋ፣ ኪሰ ቀላል ሰው ነው። አራዳ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራዩ። ኑሮው በደብሩ መቁነን ብቻ የሚገፋ አልሆነምና እንኳየሁ ከእናቷ በወረሰችው እጅ ጠላ መጥመቅ ጀመረች። ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ብቅሉንና ጌሾውን አዋህዳ ስትጠምቅ፣ ጠጪው ገና ከደጅ ሽታው ይጠራዋል። ከፒያሳ ድረስ እየወረዱ የሚጠጡ ደንበኞች አፈራች። «የእንኳየሁ ጠላ» ማለት የታጠነ ጠላ ማለት ሆነ፤ እሷም በዚህ ትኮራ ነበር።

ቤቱ ግን አንድ ክፍል ነው። በፊት ለፊቱ ጠጪ ይቀመጥበታል። በመጋረጃው ጀርባ ጋኖቹ፣ ምድጃው፣ አሻሮ የሚቆላበት ብረት ምጣድ አለ። ከጋኖቹ ኋላ፣ ከግድግዳው ተጠግታ፣ ልጃቸው ማርያማዊት ትተኛለች። በግራ በኩል ያለው ወፍጮ ቤት መብራት በጠፋ ቁጥር የናፍጣ ሞተሩን ያስነሳል፤ የጢስ ማውጫው ደግሞ የሚተነፍሰው ወደ እነ እንኳየሁ መስኮት ነው። ከደጁ ባጃጆች ሞተር ሳያጠፉ ሰው ይጠብቃሉ። ስለዚህ እንኳየሁ መስኮቱን በካርቶን ደፈነችው። የውጭው ጭስ እንዳይገባ አደረገች፤ የውስጡ በየት እንደሚወጣ አላሰበችም።

ማርያማዊት ተጫዋች ልጅ ነበረች። ጠጪዎቹን በስማቸው እየጠራች፣ የዘገየውን «ዛሬ ምን ነካህ፣ ሚስትህ ከለከለችህ?» እያለች የምታስቅ ልጅ፣ ሁለተኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ቀስ በቀስ ከሰመች። ሳሏ ነበረ፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። እንግዳው ነገር ሌላው ነው። ሌሊት ብንን ትልና ግድግዳውን ደግፋ ትቀመጣለች። ሰው ስሟን ሲጠራት ትደነግጣለች። የቀሚሷን ጠርዝ በጣቶቿ እያሸች ትፈዛለች። ቀን ላይ ደብተሯን ቀድዳ ለምን እንደቀደደችው ስትጠየቅ «አላውቅም» ብላ ታለቅሳለች። አስተማሪዋ እናትየዋን አስጠርታ «ልጅቷ ፈሪ ሆናለች፤ ያወቀችውንም እየረሳች ነው» አለቻት።

እንኳየሁ ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ አልሄደችም። ለጥምቀት የስማቸው ታላቅ እህት ሐረገወይን ከድብ ባሕር መጥታ እነሱ ዘንድ አርፋ ነበር። ሐረገወይን ወልዳ አልሳመችም። ማርያማዊትን ከጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ፀጉሯን እየዳበሰች፣ «ይህችስ እንዴት ያለች ሸጋ ልጅ ናት» አለች። እንትፍ አላለችም። «ከዓይን ያውጣት» አላለችም። ልጅቷም ከአክስቷ ጉልበት አልወርድም አለች፤ በዓሉን ሁሉ ከሥሯ አልጠፋችም። እንኳየሁ ጠላ እየቀዳች በመጋረጃው ቀዳዳ ታያቸው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቧ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ጌሾ ተዘፈዘፈ።

የጓሮ ጎረቤቷ እናኑ ሰበብ አጥታ የማታውቅ ሴት ናት። «የመካን ዓይን ከእሳት ይብሳል» አለቻት። «አጥኛትና ተገላገይ።»

ጤና አዳም፣ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭና እናኑ ያመጣችው ሥር ፍም ላይ ተጨመረ። ማርያማዊትን በጋቢ ሸፍነው አጠኗት። ልጅቷ እያሳለች ጮኸች።

«ሲለቅ ነው እንዲህ የሚያስጮኽ» አለች እናኑ።

ማርያማዊት ከጋቢው ስትወጣ ዝም ብላ ነበር። ለቀናት ከማንም አልተነጋገረችም። እንኳየሁ ዓይኑ የጠና መሆኑን ከዚህ አረጋገጠችና ደግማ አጠነቻት።

ስማቸው ጠበል ወሰዳት። ጠበሉን ያጠመቋት አባት ሳሏን ሰምተው «ልጄ፣ ጠበሉም ሐኪሙም የእግዚአብሔር ነው፤ አንዱን ይዘህ አንዱን አትተው» ቢሉት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። እዚያ የነበረችው ወጣት ሐኪም የልጅቷን ደረት አዳመጠችና ወደ እንኳየሁ ዞረች።

«የት ነው የምትተኛው?»

«ከጋኖቹ ኋላ።»

«እሳቱስ የት ነው የሚነደው?»

«ከጋኖቹ ፊት።»

«በር ሲዘጋ ጭሱ በየት ይወጣል?»

እንኳየሁ አሰበች። «አይወጣም» አለች።

ሐኪሟ አልሳቀችም። «ጭስ ሲባል ሳል ብቻ ይመስለናል» አለች። «ልጅ ላይ ግን እንቅልፍም ይነሳል፤ ያስፈራል፣ ያስከፋል፣ ትምህርትም አልያዝ ይላል። የሷ ሁሉ ከጭስ ነው አልልዎትም። ግን ለጥቂት ወራት ጭስ የሌለበት ያኑሯትና እንየው።»

እንኳየሁ እስከ ቤቷ ድረስ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። ልጇን ያሳደገችው በዚያ ጭስ ነው፤ የደብተሩም፣ የጫማውም፣ የእንጀራውም ምንጭ እሱው ነው። ደግሞም እሷ ራሷ በወይራ ጭስ አድጋ ምን ሆነች? የወገራው ቤት ግን ጣራው ሣር፣ ግድግዳው ቀዳዳ፣ ደጁ ሜዳ እንደነበረ ያን ጊዜ ትዝ አላላትም።

«ሐረገወይን ዘንድ ክረምቱን ብትከርምስ?» አላት ስማቸው። «ሰፊ ቤት ነው። ምድጃው ለብቻው ከጓሮ ነው። መንገዱም ለጊዜው ሰላም ነው።»

«ዓይኗ ከበላት ሰው ዘንድ?»

«የእኔ እህት ዓይን ቢበላ ኖሮ፣ እኔ አብሬያት ነው ያደግሁት፤ አጥንቴም ባልተረፈ።»

«አንተማ ምንህ ያስቀናል?» አለችው።

ስማቸው ሳቀ። ልጅቷ በዚያች ሌሊት ደግሞ ብንን ብላ ግድግዳ ደግፋ ስታድር፣ እንኳየሁ እጅ ሰጠች። ከመላኳ በፊት ግን ደብተራ ዘንድ ሄዳ ክታብ አስጻፈች። በቀይ ቆዳ አስለብጣ ለማርያማዊት አንገት አሰረችላትና «እዚያ እስካለሽ እንዳታወልቂው» አለቻት። ለማን እንደታሰረ አልነገረቻትም።

በሐምሌ በስልክ ትደውላለች። በመጀመሪያ ልጅቷ በአንድ ቃል ትመልሳለች። ቆይቶ ሁለት ሆነ፤ ቆይቶ ወሬው አላባራ አለ። ጥጃ ስለመፍታት፣ አያ አዳሙን፣ ማለት የሐረገወይንን ባል፣ ፊደል ስለማስቆጠር፣ «ሐ» እና «ኀ» ለምን ሁለት ሆኑ ብሎ ስለመናደዱ።

«እማዬ፣ ዛሬ እንዴት ያለ ሸጋ ቀን ነው» አለቻት አንድ ቀን።

«ሸጋ ማለት ማን አስተማረሽ?»

«እታለም።» አክስቷን እንዲህ ነበር የምትጠራት።

«እኛ ቤት ጥሩ ነው የሚባል።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ከጋኖቹ መካከል ተቀመጠች። ሸጋ የእሷም ቃል ነበረ። ከወገራ ስትመጣ የአራዳ ሴቶች ስለሳቁባት ነው የተወችው። አሁን ልጇ ያንኑ ቃል ከሌላ ሴት አፍ ስትለምደው፣ የገዛ እቃዋን ከሰው ቤት ያየች ያህል ተናደደች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ማርያማዊት «ሌሊት አልነቃም አሁን» አለቻት። ይህን ሰምታ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስም ብሏታል። ግን ደስታው ብቻውን አልመጣም። ከእኔ ጋር ስትሆን የማትተኛ፣ ከእሷ ጋር ስትሆን ትተኛለች፤ ይህ ነበር ከደስታው ኋላ እየተከተለ የመጣው።

ጳጉሜን ሲገባ ልጇን ልታመጣ ተነሳች። ትምህርት ሊከፈት ነው፤ ያቺም ሴት በቅቷታል። ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነውና ከቅዳሜ ገበያ ቆንጆ ቅል መርጣ ገዛች። እንደ እናቷ አድርጋ በወይራ አጠነችው፤ ደጋግማ አጠነችው። ሐረገወይን ስትከፍተው ማን ባለሙያ እንደሆነ ትወቅ ብላ።

ሚኒባሱ ወገራን አልፎ ወደ ድብ ባሕር ሲቃረብ ገብሱ ሊያሸት ተቃርቦ፣ አደይ አበባው በየዳገቱ ቢጫ ሆኖ ነበር። እንኳየሁ መስኮቱን ከፈተች። አየሩ ቀዝቃዛና ባዶ ነበር፤ ምንም አይሸትም። መልሳ ዘጋችው።

ማርያማዊት ከሩቅ አይታት እየሮጠች መጣች። ጉንጯ ሞልቷል። አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ፊቷንም ነጠላዋ ውስጥ ቀበረች። ከዚያ ትንሽ ራቅ አለች። ብዙ አይደለም፤ አንድ እጅ ያህል። አፍንጫዋን ነካ አደረገችና ፈገግ ለማለት ሞከረች። እንኳየሁ ያን አንድ እጅ አየችው።

ሐረገወይን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ የወንድሜ እመቤት። ምነው እንዲህ ከሳሽ? ስማቸው ቅኔ ነው የሚያበላሽ?»

«እንዴት ከረምሽ፣ እታለም» አለች እንኳየሁ። ከልቧ አልሳቀችም።

ገብታ ተቀመጠች። ቤቱ ሰፊ ነው። ግድግዳው በነጭ አፈር ተለስኗል፤ ምድጃ አይታይበትም። ሐረገወይን ወተት በዋንጫ አመጣችላት። እንኳየሁ ተጎነጨችና አቆመች። ወተቱ አዲስ ነው፣ ንጹሕ ነው፤ ግን ራቁቱን ነው። ወይራ አልነካውም።

ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። እንደ ጥጃ ቆጥራኛለች አለች በልቧ። ልጄን ይዛ፣ እኔን ደግሞ እንደ መንገደኛ ያልታጠነ ወተት አቅርባልኝ፣ ከገዛ ልጄ ፊት ልታዋርደኝ ነው።

«ምነው እታለም፣ ወይራው ከአገር ጠፋ?» አለች ዋንጫውን መሬት ላይ እያስቀመጠች።

«ወይራውስ አለ።»

«እንግዲያ እጅሽን አሞሻል።»

«እጄም ደህና ነው» አለች ሐረገወይን።

አያ አዳሙ ከበሩ አጠገብ ጫማውን እያወለቀ ሰማ። «እኔንስ ክረምቱን ሁሉ የጥጃ ወተት ስታጠጣኝ ማን ተቆጣልኝ?» አለ። ሚስቱ ስታየው ጫማውን መልሶ አድርጎ ወጣ።

እንኳየሁ ቅሏን ከዘንቢሏ አወጣች። «እንግዲህ እኔ ይዤልሽ መጥቻለሁ» ብላ ክዳኑን አነሳች።

ሽታው ቤቱን ሞላው። ለቅጽበት እናቷ ከመደቡ አጠገብ ያለች መሰላት። ዞራ ልጇን አየች፤ ማርያማዊትም ይህን ደስታ ከእሷ ጋር የምታየው መስሏት ነበር። ልጅቷ ግን የቀሚሷን ጠርዝ በጣቶቿ ይዛ ታሽ ጀምራለች። ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ተተክሏል። ወደ ኋላ ሸሸች፤ ከጎታው ጥግ ደርሳ ግድግዳውን ደገፈች።

ሐረገወይን አልጮኸችም፣ አልደነገጠችም። ቅሉን ከእንኳየሁ እጅ ተቀብላ፣ ክዳኑን መልሳ፣ ከደጅ ከጣራው ክፈፍ ሥር ሰቀለችው። ተመልሳ ልጅቷን በእጇ ይዛ «ሂጂ፣ አያ አዳሙ ጥጃዋን ሳይፈታት ድረሽበት» ብላ ላከቻት። ማርያማዊት ወጣች። ከደጅ ንፋሱ ላይ ቆማ ረጅም ስትተነፍስ ሁለቱም ሰሟት።

«ከመጣች ሰሞን ነው» አለች ሐረገወይን ተቀምጣ። «እኔ ቅሌን ሳጥን ከጎታው ኋላ ትገባለች። እዚያው ሆና እንቅልፍም፣ እህልም እንቢ ትላለች። መጀመሪያ አልገባኝም። አንድ ቀን "እታለም፣ ደግሞ በጋቢ ልትሸፍኝኝ ነው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ወይራ አላነደድሁም። መንደሩ ሐረገወይን ሰነፈች፣ ወተቷ ጥጃ ጥጃ ይላል እያለ ነው። ይበል።»

እንኳየሁ መልስ ፈለገች። ያገኘችው ግን የክፉ ሰው መልስ ነበር። «ልጅ የሌላት ሴት ለሰው ልጅ እንዲህ መሆኗ ምን ልታተርፍበት ነው?»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ መመለሻ አልነበረውም።

«ሐምሌ ላይ የክታቡ ገመድ ነትቦ ተበጠሰ» አለች ሐረገወይን። «ልጅቷ ሳታውቅ ሜዳ ላይ ጥላው አገኘሁት። ጭቃውን ጠርጌ፣ በአዲስ ጠፍር ሰፍቼ፣ መልሼ አሰርሁላት።»

እንኳየሁ ቀና አላለችም።

«ክታብ ለማን እንደሚታሰር የማያውቅ መካን የለም፣ እንኳየሁ። ቢሆንም እናቷ ያሰረችላት ነው ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ስለ ልጅቷ አልተነጋገሩም። ራት ቀረበ፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስማቸው ጉልበት ሕመም ተወራ። ማርያማዊት በአክስቷና በእናቷ መካከል ተኛች። አልባነነችም። እንኳየሁ ትንፋሿን ስታዳምጥ አነጋች፤ ሳል የሌለው፣ ፍርሃት የሌለው ትንፋሽ። የራሷ ዓይን ነው ያልተከደነው። እናኑ የነገረቻት እሳት፣ ከጥምቀት ጀምሮ ሲነድ የኖረው፣ በማን ቤት እንደነበረ አሁን ይታያት ጀመር። ያም ሆኖ ቅናቱ አልጠፋም። እንዲያውም ባሰባት። ሐረገወይን ለልጅቷ ስትል ስሟን፣ ሙያዋን፣ የባሏን ወተት ትታለች። እኔ እናቷ ምን ተውሁላት? እያለች ራሷን ጠየቀች። ዓይን ፈርቼ አጠንኋት፤ የአክስቷን እጅ ፈርቼ ልወስዳት መጣሁ።

ጠዋት የልጅቷን ልብሶች ቦርሳ ውስጥ ከተተች። ሚኒባሱ ከመንገዱ ዳር ጥሩምባውን ይነፋል። ሐረገወይን ከበርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ማርያማዊትን ከጉልበቶቿ መካከል አድርጋ፣ ለጉዞው ሹሩባ ትሠራላታለች። ልጅቷ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ታወራለች።

«ኋላ አያ አዳሙ "ሁለቱ ሐዎች ይታረቁና አንድ ይሁኑ" አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«አንዷ የእናትየዋ ናት፣ አንዷ የአክስትየዋ ናት አልሁት።»

«ሸጋ መለስሽለት» አለች ሐረገወይን፤ ድምፅዋ ግን ቀጠነ።

እንኳየሁ ቦርሳውን ይዛ ቆማ ነበር። የአራዳው ቤት ታያት፤ ካርቶን የተለጠፈበት መስኮት፣ በጋኖቹና በግድግዳው መካከል ያለች ጠባብ መኝታ። ጓሮ ያለው ቤት እስክታገኝ፣ ምድጃውን ከደጅ እስክታወጣ ወራት ይፈጃል፤ ምናልባትም ዓመት። እዚህም ትምህርት ቤት አለ። ይህን ለልጅቷ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ግን ማርያማዊት ዞራ «አልሄድም ማለት ነው?» ብላ ብትደሰትስ? ያን ፊት ማየት አልቻለችም። ዞራ ብታለቅስ ደግሞ ይዛት ትሄዳለች፤ ራሷን ታውቃለች።

ቦርሳውን ከግድግዳው ችካል ላይ መልሳ ሰቀለችው።

ሐረገወይን ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ በውኃ ተሞላ፤ ጣቶቿ ግን ሹሩባውን አላቋረጡም። «ከዚያስ በኋላ አያ አዳሙ ምን አለ?» ብላ ልጅቷን ጠየቀቻት፣ ከወትሮዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ማርያማዊት ወሬዋን ቀጠለች። እንኳየሁ ነጠላዋን አጣፋች፤ ኮቴዋ እንዳይሰማ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ምንም ሳትል ወጣች።